ቁጥር ሠላሳ ስምንት

ምረቃው ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ሰኞ ሆኗል፣
ኪሴን ስጠይቀው «ሁለት መቶ» ብሏል።
የያልጋነሽ ልጅ ናት፣ የእኅቴ፣ አቪታል፤
ዘመድ ከየከተማው ስጦታ ያመጣል።
መብራትና ውኃው ድርሻውን ሳይወስድ፣
ቶሎ ገዝቼበት ልገላገል ብወድ፣
ምን እንደሚገዛ የሚነግረኝ ጠፋ፤
የገበያው አዳራሽ በዕቃ ተነፋ።

የቤርሼቫ አሸዋ ዓይኔን እየሞላው
ዐሥራ አራት ዓመት በዚህ በር የቆምሁ ሰው፣
ቦርሳ እያስከፈትሁ፣ እጄን እየከተትሁ፣
ሰው ለሰው የሚሰጠው ምን እንደሆን ዐየሁ፤
ባዶ የሚገባ፣ ሞልቶ የሚወጣ፣
ስንቱን ዳሰስሁት የሪባኑን ጣጣ!
የራሴ ተራ ሲደርስ ግን እጄ ፈዘዘ፣
ከመደርደሪያ መደርደሪያ እግሬ ተጓዘ።

እስክሪብቶ ዐየሁ፣ ወርቅ የተቀባ፣
ከሰማያዊ ከፋይ ሣጥን ውስጥ የገባ።
ግን በዚህ ዘመን ማን በብዕር ጻፈ?
አቪታል በጣቷ ነው፤ የብዕር ቀን አለፈ።
አበባም አሰብሁ፣ ጽጌረዳ ቀይ ቀይ፣
ሐሙስ ተሰጥቶ ግን ሰንበትን የማያይ።
ሰዓት እንዳልገዛ ስልኳ ሰዓት አለው፤
ሽቶም የሰው ጠባይ፣ ለመምረጥ ከባድ ነው።

ራይሳ ከጎኔ ሻማ ትሸጣለች፤
«ቼክ ጻፍና በፖስታ!» ብላኝ ትሥቃለች።
እውነቷን ነው እሷስ፣ ልማድ ነው ያገሩ፤
በፖስታ ይለካል የዘመድ ክብሩ።
የኔ ሁለት መቶ ግን ከቼኮቹ መሐል
ሠርግ ሳይጠሩት እንደሄደ ከጥግ ይቆማል።

ማታ በፈረቃ፣ ተረከዜ ሲያመኝ፣
የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት ትውስ አለኝ።
ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቦርሳዋን እንዳዘለች
ከክፍል ጠርቻት ክሊኒክ አብራኝ መጣች።
ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እሷ ትሰማለች፣
ወደኔ ዞራ ደግሞ ባማርኛ ትላለች፦
«የት ጋ ነው የሚያምህ?»… የሚያመኝስ ሥፍራ
ለልጅ የማይነገር፣ ለሰው የማይወራ።
ዝም ስል ገባት መሰል፤ እንደ ትልቅ ሴት ሆነች፣
ምን እንዳለችው እንጃ፣ እኔን ግን አዳነች።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን፣ የባንክ ደብዳቤ
በሰማያዊ ማኅተም ሲደነግጥ ልቤ፣
ከቤት ሥራዋ በፊት የኔን ታነባለች፣
«አይዞህ፣ ማስታወቂያ ነው» ብላ ትጥላለች።

ይህን በስንት ሼቄል፣ በምን ቼክ ልመልስ?
አሁን ደግሞ ልጂቱ ልትሆን ነው ነርስ።
ነርስነት ምንድን ነው? ቆሞ ማደር አይደል!
ስለ መቆምማ ማን አለ እኔን የሚያክል?

ከእኅቴ ደጃፍ ላይ ጫማዋ ተጥሎ
በክር ለካሁና ማንም ሳያይ ቶሎ፣
ያልጋነሽ ብቅ ስትል ክሩን ኪሴ ከተትሁ፤
«ምን ጠፋብህ?» ብትለኝ፣ «ቁልፍ» ብዬ ዋሸሁ።

ቁጥር ሠላሳ ስምንት፣ ነጭ፣ ሶሉ ወፍራም፣
እንደ ሠርግ ጫማ ለዓይን አያምርም።
መቶ ሰባ ዘጠኝ፤ ዐሥር ቀነሰልኝ፣
«ለራስህስ?» ብሎ እግሬን ዐየብኝ
ባለሱቁ። ሣቅሁ።
በሦስት ሼቄል ደግሞ ባዶ ካርድ ገዛሁ፣
ሌሊት በሩን ዘግቼ ባማርኛ ጻፍሁ።

ፊደል አታነብም። ዐውቃለሁ፣ አልጠፋኝም፤
ሆን ብዬ ነው እንጂ ተሳስቼ አይደለም።
ሐሙስ ካርዱን ከፍታ ግራ ሲገባት፣
ዓይኗ ከሀ እስከ ፐ ሲንከራተትባት፣
«አጎቴ፣ ምን ይላል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣
መነጽሬን አውጥቼ፣ ሳል ሳል እያረገኝ፣
ከጎኗ ቆሜ
አነብላታለሁ።

ምን እንደጻፍሁማ ለናንተ አልናገርም።
ክር ሊዋሽ ይችላል፣ እግርም ይለወጣል፤
ደረሰኙ ግን አለ፣ ከኪሴ ውስጥ አልወጣም።